የመኪና ቤልት ጥራት፦ ካርቶኑ የማይነግረን

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ መንገዶቻችንን የሞሏቸው ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሃይሉክስና «ዶልፊን» የሚባሉት ሚኒባሶች ባለቤቶቻቸው ካሰቡት ዘመን አልፈው መሥራት ግድ ሆኖባቸዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ መለዋወጫ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው አብሮ ወጣ። ያረጀ መኪና ብዙ መለዋወጫ ይፈልጋል፤ መለዋወጫው ደግሞ ተወድዷል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ርካሹን ቢያማትር አያስወቅሰውም። የሚያሳስበው ርካሹን ከማይረባው ለመለየት የምንጠቀምባቸው ምልክቶች አብዛኞቹ የማያስተማምኑ መሆናቸው ነው፤ ይህም በግልጽ የሚታየው በቤልት፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ሌሎች ክፍሎች በሚያስተላልፈውና ብዙ መካኒኮች ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ ላይ ነው።

ሶማሌ ተራም ሆነ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቤልት የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው፦ የየት ሀገር ሥሪት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ካርቶኑን አገላብጦ ያያል፣ ከዚያም ቤልቱን በእጁ አጥፎና ጠምዝዞ ጥንካሬውን ይሞክራል። የመጀመሪያው ጥያቄ ዛሬ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው፤ ካርቶን በቀላሉ ተመስሎ ይታተማል፤ ሦስተኛው ሙከራ ደግሞ፣ ኋላ እንደምናየው፣ ደህናውን ዕቃ ራሱ ሊያበላሽ ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሊመረመሩ የሚገባቸው የቤልቱ ልክ፣ የጎማው ዓይነት፣ በውስጡ ያለው ክር፣ በመጋዘን የቆየበት ዘመንና በመጨረሻም የሚገጠምበት ሞተር ሁኔታ ናቸው።

በቅድሚያ ሁለቱን የቤልት ወገኖች መለየት ያስፈልጋል፤ የጥራት መለኪያቸውም ሆነ የብልሽታቸው መዘዝ የተለያየ ነውና። አንደኛው ከሞተሩ ፊት በግልጽ የሚታየው፣ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የኤሲ ኮምፕረሰሩንና የመሪውን ፓምፕ የሚያዞረው ነው። ይህ ቤልት ለረጅም ዘመን ጎኑ እንደ ቪ ፊደል የጠበበ ነበር፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በፎርድ ሙስታንግ ላይ ከታየ ወዲህ ግን፣ ውስጡ በርዝመቱ የሚሄዱ ሸንተረሮች ያሉትና ብዙ ፑሊዎችን (ቤልቱ የሚዞርባቸውን መንኮራኩሮች) በአንድ ዙር የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ቤልት ቦታውን እየወሰደ መጥቷል። ሁለተኛው በሽፋን ውስጥ ተሰውሮ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክ ሻፍት ቫልቮቹን ከሚከፍተው ካም ሻፍት ጋር የሚያቀናጀው ባለ ጥርሱ ታይሚንግ ቤልት ነው። የመጀመሪያው ሲበጠስ መኪናው ይቆማል፤ ሁለተኛው ሲበጠስ ሞተሩ ሊወድም ይችላል።

ባለ ሸንተረሩን ቤልት ለመመዘን የመጀመሪያው መሣሪያ ተራ ማስመሪያ ነው። በጀርባው ላይ ለምሳሌ «6 ፒኬ 1230» ተብሎ ቢጻፍ፣ 6 የሸንተረሮቹን ብዛት፣ ፒኬ የሸንተረሩን ቅርጽ፣ 1230 ደግሞ ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ያመለክታል። የፒኬ ቅርጽ በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 9981 ደረጃ የተወሰነ በመሆኑ፣ ከአንድ ሸንተረር ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ያለው ርቀት በማንም ይሠራ በማን 3.56 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ባለ 6 ሸንተረር ቤልት ወርዱ 21.4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ባለ 4 ሸንተረሩ ደግሞ 14.2 ገደማ መሆን አለበት። ወርዱ ከዚህ በጉልህ የጎደለ፣ ወይም የአንዱ ዳር ሸንተረር ከሌላው ዳር ሸንተረር የቀጠነ ከሆነ፣ ቤልቱ ከሰፊው ጥቅል ሲቆረጥ በጥንቃቄ አልተቆረጠም ማለት ነው። ርዝመቱን ለማነጻጸር አዲሱንና አሮጌውን አንድ ወፍራም ቱቦ ላይ ጎን ለጎን ሰቅሎ ታች የሚደርሱበትን ማየት ይበቃል፤ ጥሩ ክር ያለው አሮጌ ቤልት ብዙ አይረዝምምና ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይገባል። በእርግጥ አምራቾች ርዝመትን የሚለኩት ቤልቱ ፑሊ ላይ ተወጥሮ ስለሆነ፣ በሜትር ዙሪያውን የለካ ሰው ከተጻፈው ጥቂት የበለጠ ቢያገኝ ሊደነግጥ አይገባም።

ልክ ትክክል መሆኑ ግን ጥራትን አያረጋግጥም፤ ዋናው ነገር ቤልቱ የተሠራበት ጎማ ነው። እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ አብዛኞቹ የመኪና ቤልቶች የሚሠሩት ኒዮፕሪን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነበር። ኒዮፕሪን ሙቀት ሲበዛበት ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህም «በ3 ኢንች ርዝመት ውስጥ 3 ስንጥቅ ካየህ ቀይር» የሚለው ደንብ በመካኒኮች ዘንድ ሥር ሰደደ። በዚያ ዘመን ደንቡ ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ታዋቂ አምራቾች ወደ ኢፒዲኤም ጎማ ተሸጋግረዋል፤ ይህ ጎማ ሙቀትንና ኦዞንን በእጅጉ ስለሚቋቋም እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር አገልግሎ እንኳ አንዲት ስንጥቅ ላያሳይ ይችላል። የሚያልቀው እንደ መኪና ጎማ ተበልቶ ነው። ሸንተረሮቹ ቀስ በቀስ ይሳሳሉ፣ በመካከላቸው ያለው ሸለቆ ይሰፋል፣ ቤልቱ ወደ ፑሊው ጎድጓዳ ጠልቆ ይቀመጥና ጎንና ጎኑን ጨብጦ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። አምራቾች እንደሚሉት ከሸንተረሩ 5 በመቶው ብቻ ሲበላ እንኳ መንሸራተት ሊጀምር ይችላል።

ይህ ለውጥ በጋራዦቻችን ውስጥ በበቂ ሁኔታ አልሰረጸም ብዬ አምናለሁ፤ ጉዳቱም በሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል ስንጥቅ የሌለው ነገር ግን የተበላ ቤልት «ገና አዲስ ነው» ተብሎ ይተዋል፤ ዲናሞው በቂ ኃይል ሳያመነጭ ባትሪ ይደክማል፣ የውሃ ፓምፑ ዝግ ብሎ ሲዞር ሞተሩ ዳገት ላይ ይሞቃል፣ ባለቤቱም ባትሪና ራዲያተር ሲቀይር ይከርማል። በሌላ በኩል፣ እና ለገዢው ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው፣ ስንጥቅ የአዲሱን ቤልት ጥራት ዘግይቶ የሚያጋልጥ ምስክር ሆኗል። አዲስ ብለን ያስገጠምነው ቤልት በ20,000 ወይም በ30,000 ኪሎ ሜትር ከተሰነጠቀ፣ ካርቶኑ ላይ የፈለገው ቢጻፍ፣ ጎማው ደህና ኢፒዲኤም የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው። ያንን ቤልት አውጥቶ የሸጠውን ሱቅ ማሳየትና ሁለተኛ ከዚያ ዓይነት አለመግዛት ከማንኛውም ምክር የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

የጎማውን ዓይነት በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። አንዳንዶች በማሽተት ለመለየት ይሞክራሉ፤ ይሁን እንጂ አዲስ ጎማ ሁሉ ይሸታል። ላዩ ላይ ነጣ ያለ ስስ ብናኝ ማየትም ማርጀቱን አያመለክትም፤ ብዙውን ጊዜ ጎማውን ከኦዞን እንዲጠብቅ የተጨመረው ሰም ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ኮዱን ከአምራቹ ካታሎግ ጋር ማመሳከር ግን ይረዳል፤ የታወቁ አምራቾች የትኛው ምርታቸው ከኢፒዲኤም እንደተሠራ ይገልጻሉ።

ከጎማው ቀጥሎ ያለው ክር ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ጎማው ሳይሆን በውስጡ ዙሪያውን የተጠመጠመው ክር ሲሆን፣ በተራ ቤልት ፖሊስተር፣ ከባድ ጭነት ባለበት ደግሞ አራሚድ የሚባለው እጅግ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ቃጫ ሊሆን ይችላል። በቤልቱ የተቆረጠ ጎን ላይ ክሩ ጫፍ ጫፉ ይታያል፤ ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም። መታየት ያለበት ክሮቹ በአንድ ከፍታ፣ በእኩል ርቀት መደርደራቸው ነው፤ አንዱ ወደ ጀርባው ተጠግቶ ሌላው ወደ ሸንተረሩ የወረደ ከሆነ፣ ወይም ዳሩ ላይ ክሩ ተላቅቆ የሚንጠለጠል ከሆነ፣ ጭነቱ በሁሉም ክሮች ላይ እኩል አያርፍም። ጎማው የተጋጠመበት ቦታም በጣት ሲዳሰስ ጉብታ ሊኖረው አይገባም፤ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ፑሊ ላይ የሚያልፍ ጉብታ መጀመሪያ ድምፅ፣ ኋላም የኩሽኔታ ብልሽት ያመጣል።

ደካማ ክር ሱቅ ውስጥ አይያዝም፤ ከተገጠመ በኋላ ግን ራሱን ያጋልጣል። በአብዛኞቹ ቪትዞች ላይ ቤልቱ የሚወጠረው በራሱ በሚሠራ ወጣሪ (ቴንሽነር) ሳይሆን ዲናሞውን በቡሎን ገፍቶ በማሰር ነው። አዲስ ቤልት ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ ላይ ጥቂት መላላቱና አንዴ መወጠሩ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ሳምንቱ እንደገና የሚላላ፣ መካኒኩም በተደጋጋሚ የሚወጥረው ከሆነ፣ ክሩ እየተሳበ ነው። ብዙ ሰው ይህን የማስተካከያው ቡሎን ችግር አድርጎ ይወስደዋል፤ አንዳንዴ እውነት ነው፣ ሆኖም ቡሎኑ በምልክት ተይዞ ከቦታው አለመንቀሳቀሱ ከታየ ጥፋቱ የቤልቱ ነው። በራሱ በሚሠራ ቴንሽነር በሚወጠሩት ሞተሮች ላይ ይህ ድክመት ተሸፍኖ ይቆያል፤ እዚያ መታየት ያለበት በብዙ ቴንሽነሮች ላይ ያለው ጠቋሚ ከተፈቀደለት ወሰን መውጣት አለመውጣቱ ነው።

ወደ ሥሪት ሀገር ጥያቄ እንመለስ። «ጃፓን ነው» የሚለው ቃል በመለዋወጫ ገበያችን አሁንም ከፍተኛ ዋጋ አለው። የጃፓኖቹ ባንዶና ሚትሱቦሺ ሁለቱም በኮቤ ከተማ የተመሠረቱ ትልልቅ አምራቾች ናቸው፤ ነገር ግን ባንዶ በታይላንድና በሕንድ፣ ሚትሱቦሺ በኢንዶኔዥያ ፋብሪካ አላቸው። የአሜሪካው ጌትስ በቻይና፣ በሕንድና በፖላንድ ያመርታል። በመሆኑም «ቻይና» የሚል ጽሑፍ ያለበት እውነተኛ የጌትስ ቤልት፣ «ጃፓን» ተብሎ ከተጻፈበት አስመሳይ ቤልት በብዙ ይሻላል። ከሥሪት ሀገር ይልቅ ማን እንዳመረተውና ለጥራቱ በስሙ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያዋጣል። እዚህ ላይ ለኪስ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፦ የመኪና አምራቾች ቤልት ራሳቸው አይሠሩም። በቶዮታ ካርቶን የሚሸጥ እውነተኛ ቤልት ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ የባንዶ ወይም የሚትሱቦሺ ምልክት ይገኝበታል። የእነዚሁ ኩባንያዎች ቤልት በራሳቸው ካርቶን ሲሸጥ በአብዛኛው ይረክሳል፤ ምንጩ እስከታመነ ድረስ ለተራ አገልግሎት ከእሱ በላይ መክፈል አስፈላጊ አይመስለኝም።

ምንጩ እስከታመነ ድረስ ያልኩት አለምክንያት አይደለም። አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች ትኩረታቸውን የሚያሳርፉት በካርቶኑ ላይ ነው፤ ቤልቱ ራሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ ያሳብቃቸዋል። የእውነተኛ አምራች ቤልት ጀርባ ላይ ስሙ፣ ልኩ፣ የሥሪት ሀገሩና የምርት ዙር መለያ ቁጥሩ ይገኛል። ይህ መለያ ቁጥር ፋብሪካው የትኛው ቤልት መቼና በየትኛው መስመር እንደተመረተ የሚያውቅበት ስለሆነ፣ ልካቸው የተለያየ ቤልቶች ሁሉ አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ይዘው ከተገኙ በአንድ ሰሌዳ የታተመ ማስመሰያ መሆኑ ያጠራጥራል። ስለዚህ ሻጩን አንድ ቤልት ብቻ ከማየት ይልቅ ልካቸው የተለያየ ሁለት ሦስት ቤልቶች እንዲያወጣ መጠየቅ ይጠቅማል። ጽሑፉ በእርጥብ ጣት ሲታሽ የሚጠፋ፣ በካርቶኑና በቤልቱ ላይ ያለው ኮድ የማይመሳሰል፣ ወይም ካርቶኑ ተጽፎበት ቤልቱ ባዶ ከሆነ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። አንዳንድ አምራቾች በካርቶኑ ላይ በስልክ የሚነበብ መለያ ያስቀምጣሉ፤ መነበቡ ብቻ ግን አይበቃም፤ የሚከፈተው ገጽ የአምራቹ የራሱ መሆኑና ከተገዛው ልክ ጋር መስማማቱ መታየት አለበት።

አሁን ደግሞ ብዙም የማይነሳውን የዕድሜን ጉዳይ እንይ። ጎማ ሳይሠራም ያረጃል። ጌትስን የመሰሉ አምራቾች በሚያወጡት የአቀማመጥ መመሪያ መሠረት፣ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በደረቅና ጨለማ ቦታ የተቀመጠ ጥሩ ቤልት እስከ 8 ዓመት ድረስ ጠባዩን ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሙቀቱ በየ8 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ግን ይህ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ46 ዲግሪ በላይ ደግሞ ጭራሽ ሊቀመጥ አይገባም። ይህን ቁጥር ይዘን የእኛን የአቅርቦት መንገድ ስናስብ ነገሩ ትርጉም ያገኛል። ከዱባይ ወይም ከጉዋንዡ የተጫነ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ በሐምሌና በነሐሴ የጅቡቲ አየር ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ውስጡ ከዚያ ይብሳል። ጥቂት ሳምንታት ያን ያህል አይጎዱ ይሆናል፤ ወራት የሚፈጅ መጓተት ግን ከቤልቱ ዕድሜ ላይ ዓመታትን ይቀንሳል። አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት፤ አየሯ ለጎማ መጋዘን የተመቸ ነው። በድሬዳዋ ወይም በሰመራ ሱቅ ሁለት ክረምት የከረመ ቤልት ግን በአዲስ አበባ ያንኑ ያህል ከከረመው እኩል ሊታይ አይገባውም።

የአቀማመጡም ነገር አለ። በብዙ ሱቆቻችን ቤልቶች ከካርቶን ወጥተው ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅለው፣ ከፊሎቹም ፀሐይ እየመታቸው ይታያሉ። ቀጭን ምስማር ላይ ለወራት የተንጠለጠለ ቤልት የራሱ ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ እንዲታጠፍ ያደርገዋል፤ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ጎማውን ያደርቀዋል። የምርት ቀኑን ማንበብ ቢቻል መልካም ነበር፤ ነገር ግን አምራቾች ቀኑን የሚጽፉበት አንድ ወጥ መንገድ የለም፤ በርካቶችም በራሳቸው ምሥጢራዊ ቁጥር ነው የሚያመለክቱት። ስለዚህ በካርቶኑ ወይም በመጠቅለያው ውስጥ፣ ከፀሐይ ርቆ የተቀመጠውን እንዲያወጣላችሁ ሻጩን ጠይቁ፤ የተሰቀለውን ለማሳያ ይተወው።

ከላይ የጠቀስኩት የማጠፍ ሙከራ አደጋ የሚሆነው በታይሚንግ ቤልት ላይ ነው። የታይሚንግ ቤልት ክር በአብዛኛው የመስታወት ቃጫ ነው፤ ይህ ቃጫ ሲሳብ እጅግ ጠንካራ፣ በጠባብ ሲታጠፍ ግን ተሰባሪ ነው። ገዢው ወይም ሻጩ «እስቲ ጥንካሬውን እንይ» ብሎ ቤልቱን በጣቶቹ መካከል ቁልምም ሲያደርገው፣ ወይም ወደ ውጭ ገልብጦ ሲጠመዝዘው፣ ውስጥ ያሉ ቃጫዎች ይሰበራሉ፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ያ ቤልት በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ቀድሞ ሊበጠስ ይችላል፤ ጥፋቱም በአምራቹ ላይ ይለጠፋል። ከካርቶኑ ውስጥ እጥፋት ያለው፣ ታጥፎ የቆየ ወይም በጎማ ላስቲክ ታስሮ የተጨመቀ ታይሚንግ ቤልት በምንም ዋጋ መገዛት የለበትም።

በታይሚንግ ቤልት ላይ ሊመረመር የሚገባው የጥርሱ ብዛትና ወርዱ ብቻ ሳይሆን የጥርሱ ቅርጽም ነው። አራት ማዕዘን መሰል ጥርስና ክብ ጥርስ ያላቸው ቤልቶች ቁጥራቸው እኩል ሊሆን ይችላል፤ አንዱ በሌላው ፑሊ ላይ ግን በትክክል አይቀመጥም፣ ቀስ በቀስም ጥርሱን ይልጣል። ጥርሶቹን የሚሸፍነው ጨርቅ ዙሪያውን ሳይላቀቅ የተጣበቀ መሆን አለበት። በሃይሉክስና በሃይኤስ ላይ የምናገኛቸው 2 ኬዲና 5 ኤል፣ እንዲሁም በላንድ ክሩዘር ላይ ያለው 1 ኤችዜድ ሞተሮች ሁሉ ታይሚንግ ቤልት ያላቸው ናቸው፤ ናፍጣ ሞተሮች በመሆናቸው ቤልቱ ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ለጥገና ይወርዳል፣ ወጪውም ከቤልቱ ዋጋ ጋር የማይነጻጸር ይሆናል። ቪትዝና ያሪስ አብዛኞቹ በሰንሰለት ስለሚሠሩ ይህ ሥጋት የለባቸውም።

በቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የታይሚንግ ቤልት መብራት ብዙዎችን ያዘናጋል። መብራቱ የቤልቱን ጤንነት አያውቅም፤ የሚያውቀው የተነዳውን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ እንደ ሞዴሉና እንደተሸጠበት ሀገር በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር ይበራል። ከባሕረ ሰላጤው ሀገራት በአገልግሎት ላይ ቆይቶ የመጣ መኪና ኪሎ ሜትሩ ተቀንሶ ከሆነ፣ ወይም መብራቱ ያለ ቤልት ቅየራ እንዲጠፋ ተደርጎ ከሆነ፣ አዲሱ ባለቤት በማያውቀው ቤልት ላይ እየነዳ ነው። የታይሚንግ ቤልቱ ታሪክ በጽሑፍ ያልተገኘለት መኪና ሲገዛ ቤልቱ ተቀያሪ እንደሆነ መቁጠር ይሻላል። በዚህ ጊዜ ቴንሽነሩንና ቤልቱ የሚያልፍባቸውን ፑሊዎች ኩሽኔታ አብሮ መቀየር፣ የሚያንጠባጥብ የዘይት ማገጃ (ኦይል ሲል) ካለም እንዲሁ ማደስ ተገቢ ነው፤ ዘይት የነካው ቤልት፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ያብጣል ጥርሱም ይላላል። ለተራው የውጭ ቤልት መካከለኛ ዋጋ ያለውን መምረጥ ይቻላል፤ ለታይሚንግ ቤልት ግን ምንጩ ከሚታወቅ ሻጭ የታወቀ አምራች ምርት ከመግዛት በታች ያለው ምርጫ አይታየኝም። የእጅ ዋጋው ለጥሩውም ለመጥፎውም እኩል ነው፤ መጥፎው ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

በሌላ በኩል ጥሩ ቤልት ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበት ጊዜ ቀላል አይደለም። በክረምት ጠዋት ሞተር ሲነሳ የሚሰማው ጩኸት ወዲያው «ቤልቱ ኮፒ ነው» ያሰኛል። ከመፍረድ በፊት ሞተሩ በዝግታ እየሠራ በቤልቱ ሸንተረር በኩል ጥቂት ውሃ በጥንቃቄ መርጨት መልስ ይሰጣል፦ ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፤ ድምፁ ከጨመረ ደግሞ ቤልቱ ላልቷል፣ እየተንሸራተተ ነው። የቤልቱ አንድ ዳር ብቻ ከተበላም ጥፋቱ የፑሊ አቀማመጥ ነው፤ ሌላ ቤልት ቢገዛም ያንኑ ይደግማል። በአቧራማ መንገድ የሚሠሩ መኪኖች ፑሊ ጎድጓዳው ውስጥ የተጋገረ ጭቃ ይይዛል፤ ይህ ሳይጸዳ የተገጠመ አዲስ ቤልት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሞረዳል። ድምፁን ለማጥፋት ሳሙና ማሸት ወይም ቅባት መርጨት ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ችግሩን አይፈታም፤ ቅባቱም ጎማውን ይጎዳል። «እንዳይጮህ» ተብሎ ከልክ በላይ መወጠር ደግሞ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይገድላል።

ከዕቃው ወጥተን ወደ ገበያው ስንመጣ፣ የቤልት ምርጫ በአብዛኛው የሚደረገው በመኪናው ባለቤት ሳይሆን በመካኒኩ ነው። መካኒኩ ከሻጩ ኮሚሽን የሚያገኝበት አሠራር የተለመደ በመሆኑ፣ ምክሩ ሁልጊዜ ከጥራት ጋር አይሄድም፤ ይህን ስል ከልምዱ በመነሳት የማይሆን ዕቃ አልገጥምም የሚሉ መካኒኮች መኖራቸውን አልዘነጋም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ያለ ደረሰኝ በተገዛ ዕቃ ላይ ግን ይህን መብት ማስከበር እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሌላው እክል ጊዜው ነው፤ የልክ ስህተት፣ ጉብታና የጽሑፍ ማስመሰል በ15 ቀን ውስጥ ይታወቃሉ፤ ደካማ ክርና ደካማ ጎማ ግን የሚታወቁት ወራት ቆይተው ነው። ስለዚህ ለታይሚንግ ቤልት በተለይ፣ ከሕጉ በተጨማሪ ሻጩ በደረሰኙ ላይ የቤልቱን ሙሉ ኮድና የምርት ዙር ቁጥር፣ የገጠመው ጋራዥ ደግሞ የተገጠመበትን ቀንና ኪሎ ሜትር እንዲጽፉ መጠየቅ ይገባል። ይህ ጽሑፍ ቤልቱ ያለጊዜው ሲበጠስ የት ተገዝቶ ስንት እንደሠራ ለማሳየት ያስችላል፤ መኪናው ሲሸጥም ቀጣዩ ባለቤት የታይሚንግ ቤልቱን ታሪክ የሚያውቅበት ብቸኛው ወረቀት ይሆናል።